የደረት ራጅ ጥላውን ያሳያል፤ የበሽታውን ስም የሚናገረው አክታ ነው

አዲስ አበባ፦ የጅቡቲ ባቡር መንገደኞች በሚሳፈሩበት ለቡ፣ የከተማው ነዋሪና ከገጠር የመጣው እንግዳ አንድ አየር ይተነፍሳሉ። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የሚተላለፈውም በአየር ነው። ኢትዮጵያም የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከፍተኛ ነው ከሚላቸው 30 አገራት አንዷ ናት።

በ2003 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የቲቢ ስርጭት ጥናት ከ46 ሺህ በላይ ሰዎች በምልክትና በደረት ራጅ ተለይተዋል። ሕመሙ የተረጋገጠው ግን በአክታ ምርመራ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አየር የሞላው ጤነኛ ሳንባ በራጅ ላይ ጠቁሮ ይታያል። በላይኛው የሳንባ ክፍል የሚታይ ነጭ ጥላ ወይም ክፍተት ቲቢን ያስጠረጥራል። በአንድ ክፍል የተወሰነ ንጣት የሳንባ ምችን፣ የታችኛው ጠርዝ መደፈን ደግሞ ውኃ መቋጠርን ሊያመለክት ይችላል። ይሁን እንጂ ካንሰርም ሆነ የዳነ ቲቢ ጠባሳ ተመሳሳይ ጥላ ሊጥል ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ራጅን በኮምፒውተር ማንበብ ለቲቢ ልየታ እንዲውል መክሯል። የራጅ ሐኪም ለሌለባቸው ወረዳዎች ይህ መልካም ዕድል ነው። የአክታ ምርመራው ካልተከተለ ግን ታማሚው ወይ የማይመለከተውን መድኃኒት ይወስዳል፣ ወይ ቲቢውን ይዞ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል።

በመሆኑም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው፣ አርሶ አደርም ይሁን ከተሜ፣ ራጅ ተነሥቶ ብቻ ሳይሆን ስለ አክታ ምርመራም ጠይቆ ሊመለስ ይገባል።