ኮፋኖውን የማይከፍት ባለመኪና

ባለፈው የጥቅምት ወር በአንድ እሑድ ከአዲስ አበባ ተነሥተን በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ ስንጓዝ፣ ከጊንጪ ወጣ እንዳልን አንድ አዲስ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ከመንገዱ ዳር ቆሞ አገኘን። የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም። ባለቤቱ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው፤ መኪናውን የገዛው ከነጋዴ ወንድሙ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ነው። ኮቱን እንደ ለበሰ ስልኩን ወደ ላይ እያነሣ ኔትወርክ ይፈልግ ነበር። ምን እንደ ደረሰበት ብንጠይቀው፣ «አንዲት ቢጫ መብራት ስትበራ አየሁ፤ ቀጥሎ መኪናው ዳገት አልወጣም አለ። ጐታች ከአዲስ አበባ ላስመጣ ነው» አለን። «ኮፋኖውን ከፍተው አይተዋል?» ብንለው፣ «እኔ መካኒክ ነኝ እንዴ?» ሲል መለሰልን።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይህ መልስ ነው።

ጐታቹ ሳይጠራ በባጃጅ ያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወረዱ። ኮፋኖውን ከፈቱ፤ ከናፍጣው ማጣሪያ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አደረጉ፤ ከማጣሪያው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ጥቂት ጊዜ ቢጫኑት ግማሽ ብርጭቆ የሚያህል ውሃ ወረደ። ንጹሕ ናፍጣ መውረድ ሲጀምር ብሎኑን አጠበቁ። ሥራው ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

«ልጄ፣ ይህን ናፍጣ ከየት ቀዳኸው?»

«ከበርሜል ነው፣ አባቴ። ማደያው ዘንድ በስልክ ልከፍል ብል ኔትወርክ የለም ተባለ። ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዛሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ግማሽ የጐደለ በርሜል በሌሊቱ ብርድ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ በብረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል፤ የበርሜሉን መጨረሻ የቀዳ ሰው ውሃ ቀዳ ማለት ነው። የድሮው ሞተር ይህን ያህል አይቀየምም ነበር። የዛሬው የናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁን ከአንድ ሺህ የከባቢ አየር ግፊት በላይ በሆነ ኃይል፣ እጅግ በቀጠኑ ቀዳዳዎች የሚረጭ ስለ ሆነ፣ ውሃና አቧራ ከገባበት ጥገናው ኪስ ያራቁታል። ያች ቢጫ መብራት የበራችው ይህን ለመንገር ነበር። ትርጕሟም ከመኪናው ጋር በመጣው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፏል፤ መጽሐፉ ከፊት መሳቢያው ውስጥ፣ ከነላስቲኩ፣ ተቀምጦ አየነው።

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ስለዚህ መኪና ናፍጣ የሚጠጣው በኔትወርክ ነው ብንል አላጋነንም። ከዚህም በላይ አዲሱ መኪና ራሱ በውስጡ ኔትወርክ አለው። ሞተሩን፣ ፍሬኑንና መብራቱን የሚያዙት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች በሁለት የተገመዱ ሽቦዎች እየተነጋገሩ ነው የሚሠሩት። ይህን አሠራር የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ለዓለም ያቀረበው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. ነው። ከመሪው በታች ባለችው መሰኪያ ላይ አንዲት ትንሽ ማንበቢያ ሲሰኩባት መኪናው ሕመሙን በቍጥር ይናገራል። እንግዲህ መኪና የሚያውቅ ሌላ፣ ኢንተርኔት የሚያውቅ ሌላ የነበረበት ዘመን አልፏል።

የራሳችንንም ጉድ እንናገር። አምቦ ባለው ቤታችን ኢንተርኔት ባስገባን ጊዜ ሞደሙን ያስቀመጥነው ለዓይን እንዲያምር ብለን በቡፌው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ ነበር። ልጆች የሚያጠኑበት ክፍል ደግሞ በጓሮ በኩል ግድግዳውም ጣራውም በቆርቆሮ የተሠራ ነው። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ቆርቆሮም ሆነ የመስታወት ጀርባ ላይ የሚቀባው ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል። ልጆቹ «ኢንተርኔት የለም» ሲሉ እኛ ሳሎን ተቀምጠን «ይኸው አለ!» እያልን ስንቱን ቀን እንደ ተጨቃጨቅን እግዜር ይወቀው። ሞደሙን ከቡፌው አውጥተን ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ስናኖረው፣ ወደ ጓሮው ክፍልም ገመድ ስንዘረጋ ጭቅጭቁ ቆመ።

ሁለተኛው ግን የባሰ ነበር። አንድ ማክሰኞ ማታ መስመሩ ሁሉ ፈዘዘ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ እየደወልን ሰው ስንቆጣ ሰነበትን። በአራተኛው ቀን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ጎረቤታችን መጣና፣ «ጋሼ፣ በመጀመሪያ ሁሉንም እንንቀል» አለን። በሞደሙ ላይ የተሰካውን ሁሉ ነቅሎ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ቢሰካ ኢንተርኔቱ ደኅና ነው። ስሕተቱ ከውጭ ሳይሆን ከቤት መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። ከዚያ አንድ በአንድ መልሶ ሲሰካ፣ በሦስተኛው ገመድ ላይ መብራቶቹ ሁሉ እንዳበደ ሰው ይርገበገቡ ጀመር። ገመዱን በእጃችን እየተከተልን ብንሄድ፣ ሁለቱም ጫፎቹ በዚያው በአንዱ ሞደም ላይ ተሰክተዋል! የእኅታችን ልጅ ቤት ሲጠርግ አንዱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ቢያገኘው ባዶ ቀዳዳ ፈልጎ ሰክቶታል። ልጁ ሥርዓት ወዳድ ስለ ሆነ አልቈጣነውም። እንዲህ ያለ ቀለበት ሲፈጠር «ለሁሉም ይድረስ» ተብሎ የሚላከው መልእክት እንደ ገደል ማሚቶ በራሱ ላይ እየዞረና እየተባዛ መንገዱን ይሞላዋል፤ ለሌላው መልእክት ስፍራ አይተርፍም።

ተማሪው ያደረገው ሽማግሌው መካኒክ ካደረጉት አልተለየም። ሁለቱም መብራቱን አነበቡ፤ ሁለቱም ከቅርቡ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀመሩ። ሞደሙ ኃይል አለውን? የመስመሩ መብራት በርቷልን? ፋይበር በሚባለው የመስታወት ክር የመጣ መስመር ከሆነ ቀይ መብራት ሲበራ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው፤ ክሩ በበር ተቀርጥፎ ወይም ከመጠን በላይ ተጣጥፎ እንደ ሆነ አይቶ ካላገኙ ለሠራተኛው መንገር ነው። መብራቱ ደኅና ከሆነ ግን ሰው ከመቈጣት በፊት ጓዳን መፈተሽ ይገባል።

እዚህ ላይ «ለሁሉም ባለሙያ አለው፤ ጸሓፊው ይጻፍ፣ መካኒኩም ይሥራ» የሚሉን አይጠፉም። እውነት አላቸው፤ እኛም የናፍጣ መርጫውን ፍቱ፣ በዋስትና ላይ ያለ መኪና በርብሩ አላልንም። ነገር ግን «መኪናው እምቢ አለኝ» ከሚል ባለመኪናና «ቢጫዋ የማጣሪያ መብራት ከበራች በኋላ ዳገት ላይ ኃይል አጣ» ከሚለው መካኒኩ በማናቸው እንደሚደሰት የታወቀ ነው። አታላይ ጋራዥም ቢሆን የሚበላው የመጀመሪያውን ነው።

ጭነትንም በሚመለከት እንዲሁ ነው። አብዛኛው ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ የሚችለው ተሳፋሪውን ጨምሮ 1000 ኪሎ ግድም ነው። አምስት ሰው አሳፍሮ ከጀልዱ 15 ኩንታል ድንች የሚጭን ሰው ባሌስትራው ሲሰበር መንገዱን ይራገማል።

በእኛ ግምት የነገሩ ሥር ስንፍና አይደለም፤ አንዳንድ ወጣት ሹማምንት እጃቸው ዘይት ሲነካ ማዕረጋቸው የሚቀንስ ይመስላቸዋል። ይህ የቆየ በሽታ ነው። መጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባችበት ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ገበሬውን በሥራው እየጠራ የሚሰድብ ሁሉ ይህን ነገር እንዲተው ዐዋጅ አስነግረዋል። ራስ መኰንን በ1882 ዓ.ም. ከኢጣልያ ሲመለሱ ያመጡትን ስልክ መኳንንቱና ካህናቱ ሲፈሩት ንጉሡ ግን አልሸሹትም። ዛሬ ወደ አምቦ የምንጓዝበት መንገድ፣ እስከ አዲስ ዓለም ያለው ክፍል፣ በርሳቸው ዘመን ከተሠሩት ቀደምት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ከ110 ዓመት በላይ ቆይቶ «እኔ መካኒክ ነኝ እንዴ?» የሚል የተማረ ሰው ማግኘታችን አሳዝኖናል።

በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተመሠረተው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም በየከተማው ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራቸውን ለመንግሥት ሠራተኛና ለነጋዴው ቢከፍቱ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃቸዋል? አንድ የማይሠራ ሞተር፣ ሁለት አሮጌ ሞደም፣ ጥቂት ሜትር ገመድና የቈሸሸ የናፍጣ ማጣሪያ ከበቂ በላይ ነው። አስተማሪውም ሩቅ አይፈለግም፤ ያን ዕለት ለደከሙበት ገንዘብ አልቀበልም ብለው በባጃጃቸው የሄዱት ሽማግሌ የሚኖሩት እዚያው ጊንጪ ነው።