ቢሾፑን ከመስጠታችሁ በፊት

እሁድ ከሰዓት፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ በእኛ ቤት አንድ ልማድ አለ። የ12 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ናሆም የቼዝ ሰሌዳውን ይዞ ይመጣል፤ እኔም ስልኬን አስቀምጣለሁ። ባለፈው ወር ግን ይህ ልማድ ሊቀር ትንሽ ነበር የቀረው።

ናሆም አንድ ዝነኛ ጥቃት በቪዲዮ ተምሮ መጣ። ነጭ ቢሾፑን ልኮ፣ ካስሊንግ ካደረገው ጥቁር ንጉሥ አጠገብ፣ ኤች 7 ላይ የቆመውን ወታደር ይበላል። ንጉሡ ቢሾፑን ሲበላ ፈረሱ ጂ 5 ላይ ዘሎ ቼክ ይላል፤ ከኋላው ንግሥቲቱ ወደ ኤች 5 ትመጣለች። «የግሪክ ስጦታ» ይሉታል፤ ስጦታ መስሎ ጥፋት ይዞ የገባውን የትሮይን የእንጨት ፈረስ የሚያስታውስ ስም ነው።

ሞከረብኝ። ቢሾፑን በላሁ። ፈረሱ ሲመጣም ኢ 7 ላይ ባለው ቢሾፔ በላሁት። ጥቃቱ እዚያው ሞተ። ናሆም እንባው እየተናነቀው «ሁለተኛ ምንም ነገር በነፃ አልሰጥም» ብሎ ሰሌዳውን አጠፈ። ሁለት እሁድ ቀረ።

እናንተም ልጃችሁ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ደፍሮ ሰጥቶ የከሰረ ልጅ የሚማረው ትምህርት ብዙ ጊዜ «አትስጥ» የሚል ነው። እኔንም በማርኬቲንግ ሥራዬ ደርሶብኛል። አንድ ጊዜ አዲስ ምርት በነፃ አደልን፤ ሰዉ ወደደው። ሊገዛ ሱቅ ሲሄድ ግን መደርደሪያው ባዶ ነበር። ጥፋቱ መስጠታችን አልነበረም፤ ከስጦታው በኋላ የሚመጣውን አለማዘጋጀታችን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከ400 ዓመት በፊት ከኖረው ጣሊያናዊ ተጫዋች ከጆአኪኖ ግሬኮ ነው። እሱ ባቆየልን አንድ ጨዋታ ነጭ ያንኑ ቢሾፕ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ግን፣ በአምስተኛው እንቅስቃሴ፣ ከሩኩ ፊት ያለውን ወታደር ወደ ኤች 4 ይገፋዋል። ምንም የማያደርግ የሚመስል እርምጃ ነው። ቢሾፑ ተሰጥቶ ፈረሱ ጂ 5 ላይ ሲበላ ግን ያ ወታደር መልሶ ይበላል፤ መንገዱ ስለተከፈተም ሩኩ ከኤች 1 ንጉሡን ቼክ ይላል። ንጉሡ ይሸሻል፤ ንግሥቲቱ ኤች 5 ላይ ትቀመጣለች። ጥቁር መውጫ ለመክፈት የኤፍ ወታደሩን ሲገፋ፣ የነጩ ወታደር ወደ ጂ 6 ገብቶ በሩን ይዘጋል። በ12ኛው እንቅስቃሴ ንግሥቲቱ ኤች 8 ላይ ቼክሜት ትላለች።

እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ስትጫወቱ ቢሾፑን ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፦ ፈረሴ ጂ 5 ላይ ሲቆም የሚበላው አለ? ካለ፣ መልሼ በምን እበላለሁ?

ሁለተኛ፦ የጥቁር ፈረስ ኤፍ 6 ላይ አለ? ካለ ኤች 7ንም ኤች 5ንም ይጠብቃል፤ መጀመሪያ ወታደራችሁን ወደ ኢ 5 ገፍታችሁ አባርሩት።

ሦስተኛ፦ ንጉሡ ወደ ኋላ ከመመለስ ይልቅ ወደ ጂ 6 ቢወጣስ? ኤች 4 ላይ ያለው ወታደር እዚህም ይጠቅማል፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ ቼክ ይላል።

በሦስተኛው እሁድ ሰሌዳውን ይዤ እህቴ ቤት ሄድኩ። የግሬኮን ጨዋታ ደርድሬ ነጩን ለናሆም ሰጠሁት። ኤች 4ን ሲያይ ዝም አለ፤ ከዚያ ጣቱን ወታደሩ ላይ አድርጎ «ለካ ይሄ ነበር የጎደለኝ» አለ።

ያን ቀን አራት ጊዜ ተጫወትን። በሁለተኛው ቢሾፑን ሰጠኝ። እኔም እያወቅኩ በላሁት፤ ተሸነፍኩ። የዚህ ሳምንት እሁድ ደግሞ ሰሌዳውን ይዞ የመጣው እሱ ነው።