ዕርቅ ያለ እውነት አይጸናም

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ብሂል በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ በመንግሥትና በሕዝብ መካከልም ይሠራል። የካናዳ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

አውሮፓውያን ከመምጣታቸው አስቀድሞ በካናዳ ይኖሩ የነበሩት ነባር ሕዝቦች ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ልጆቻቸውን ለአዳሪ ትምህርት ቤት ሲያስረክቡ ኖረዋል። ገንዘቡን የሚሰጠው መንግሥት፣ ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። 150,000 ያህል ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተለይተው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከልክለው አደጉ። በሺህ የሚቆጠሩትም ወደ እናታቸው ቤት ሳይመለሱ ቀሩ።

እኛን ይልቁን የሚያሳስበን፣ ይህ ሁሉ የተፈጸመው በሕግ፣ በደብዳቤና በማኅተም መሆኑ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሐኪም የነበሩት ፒተር ብራይስ 35 ትምህርት ቤቶችን መረመሩ። ወሬያቸው ከተገኘው 1,537 ተማሪዎች መካከል ሩብ የሚጠጉት መሞታቸውን ጻፉ፤ ምክንያቱም የሳንባ ነቀርሳና አየር የማይገባበት መኝታ ቤት መሆኑን ሳይሸሽጉ አስረዱ። አለቆቻቸው ግን ምክራቸውን ወደ ጎን ተዉት። እንዲያውም በ1920 ትምህርቱ በሕግ ግዴታ ሆነ። ሐኪሙም ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በ1922፣ ነገሩን በመጽሐፍ አሳትመው ለሕዝብ ገለጡ።

መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትሩ በስቲቨን ሃርፐር አማካይነት ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው፤ ይኸውም የሐኪሙ ጽሑፍ ከቀረበ ከ101 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽኑም ከ6,500 የሚበልጡ ምስክሮች ቃል ሰምቶ፣ በ2015 ሊፈጸሙ የሚገባቸውን 94 ነገሮች ዘርዝሮ አቀረበ። የሞቱትን ሕፃናት ስም መመዝገብና የሕዝቦቹን ቋንቋ ከመጥፋት ማዳን ከነዚህ ውስጥ ይገኙበታል።

አንዳንድ ሰው «ያለፈው አልፏል፤ ቁስል መነካካት ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። ለመሆኑ በደሉ በስሙ ሳይጠራ ይቅርታው ለምኑ ነው? ካሳውስ በምን ይለካል? ሽማግሌ እንኳ ለማስታረቅ ሲቀመጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሆነውን ነገር ነው።

ገና ከትምህርት ቤት ወጥተን መዝገብ ማገላበጥ የጀመርን ወጣቶች ከዚህ የምንማረው አለ። የሰው ሕይወት የሚነካ ማስታወሻ ከጠረጴዛችን ሲደርስ፣ አለቃ እንዳይቆጣ ብለን ወደ መሳቢያ አንክተተው። ያ ሐኪም በጊዜው ሰሚ ቢያገኝ ኖሮ፣ ይቅርታው የሚጠየቀው ከመቃብር አጠገብ ባልሆነ ነበር።