ቤቱን ሳይጨርሱ ያስረከቡት አርክቴክት

ህንዳዊው አርክቴክት ባልክሪሽና ዶሺ በ95 ዓመታቸው ያረፉት ጃንዋሪ 24 ቀን 2023 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማግስቱ የአገራቸው መንግሥት ሁለተኛውን ከፍተኛ የሲቪል ኒሻን፣ ፓድማ ቪቡሻንን፣ እንደሰጣቸው አስታወቀ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 2022፣ የባለሀብቱ ጋውታም አዳኒ ኩባንያ በሙምባይ እምብርት የሚገኘውን ዳራቪ የተባለ ሰፊ የድሆች ሰፈር አፍርሶ መልሶ የመገንባቱን ጨረታ አሸንፎ ነበር።

ሁለቱ ዜናዎች በጋዜጦች ላይ የወጡት በተለያየ ገጽ ነው። አንዱ የኪነ ጥበብ፣ ሌላው የቢዝነስ ወሬ ሆነው አለፉ። በእኔ እምነት ግን ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ህንድ በአንድ በኩል ሰውየውን አከበረች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የቆሙለትን ሐሳብ ወደ ጎን አለች። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፡- ለድሃ ያለቀለት ቤት ከምትሰጠው ይልቅ የሚጀምርበትን ስጠውና እሱ ይጨርሰው።

ከፓሪስ ወደ አህመዳባድ

ዶሺ በ1927 በፑኔ ከተማ የተወለዱት የቤት ዕቃ በመሥራት ከሚተዳደር ሰፊ ቤተሰብ ነው። በያኔዋ ቦምቤይ ኪነ ሕንፃ መማር የጀመሩት አገራቸው ነፃ በወጣችበት በ1947 ነበር። ነፃነቱ ከአገር መከፈል ጋር አብሮ ስለመጣ የህንድ ከተሞች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን መቀበል ነበረባቸው። ስለዚህ ለዚያ ትውልድ ባለሙያ ዘመናዊ ኪነ ሕንፃ ከባሕር ማዶ የመጣ ፋሽን ብቻ አልነበረም። “ይህን ሁሉ ሕዝብ የት እናስጠልለው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ነበር።

በ1951 ዶሺ ፓሪስ ገብተው በሌ ኮርቡዚዬ ቢሮ ሥራ ጀመሩ። በ1954 ወደ አገራቸው ተመልሰው ታላቁ አርክቴክት በአህመዳባድ የነደፏቸውን ሕንፃዎች ግንባታ ተቆጣጠሩ። በዚያው ዓመት ለዝቅተኛው የኅብረተሰብ ክፍል ተገቢ መኖሪያ ለመሥራት ለራሳቸው ቃል መግባታቸውን ዶሺ በኋላ ደጋግመው ተናግረዋል። በ1956 የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ፤ በ1962 በአህመዳባድ የኪነ ሕንፃ ትምህርት ቤት መሠረቱ። አሜሪካዊው ሉዊስ ካን የከተማዋን የማኔጅመንት ኢንስቲትዩት እንዲነድፉ መንገዱን የከፈቱላቸውም እሳቸው ናቸው።

በእንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አጠገብ የሠራ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የእነሱ ቅጂ ሆኖ ይቀራል። ዶሺ ግን የተማሩትን ወስደው ከአገራቸው ፀሐይና ከሕዝባቸው አኗኗር ጋር አስታረቁት። በ1980 የተጠናቀቀው ሳንጋት የተባለው ቢሮአቸው ገሚሱ ወደ መሬት የገባ፣ ጣሪያው እንደ ግማሽ በርሜል የጎበጠ፣ ላዩ በነጭ የሸክላ ስብርባሪ የተለበጠ ሕንፃ ነው። ይህ ሁሉ የተደረገው የጉጃራትን ሙቀት ለመመከት ነው። በ2018 የፕሪትዝከርን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው ህንዳዊ ሆኑ፤ በ2022 ደግሞ የእንግሊዝ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ተቋም የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጣቸው።

ይሁን እንጂ ትልቁ ሥራቸው ፎቶግራፍ ሲነሳ የሚያምረው ሕንፃ አይደለም። ኢንዶር በተባለችው ከተማ ዳር የሚገኘው አራንያ የተሰኘ ሰፈር ነው።

አራንያ፡- መሠረት፣ ውኃና አንድ ክፍል

በ1980ዎቹ የኢንዶር ልማት ባለሥልጣን በ85 ሄክታር ያህል መሬት ላይ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ሰፈር እንዲነድፉለት ዶሺን ጠየቀ። የእሳቸው ተቋም በመጀመሪያ ያደረገው የከተማዋን ጭርንቁስ ሰፈሮች ማጥናት ነበር። ሰዎቹ ማንም ሳያስተምራቸው የሠሯቸው መንደሮች ውስጥ ምን አለ? ከደጃፍ ያለችው መቀመጫ ምን ትሠራለች? ሱቁ የት ይከፈታል? ልጆች የት ይጫወታሉ? የዛፍ ጥላ ሥር ምን ይካሄዳል? የአራንያ ፕላን የተነሣው ከእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

በ1989 የተጠናቀቀው ሰፈር ወደ 6,500 የሚጠጉ ቤቶች የሚሠሩበት ነው። ከቦታዎቹ 65 በመቶ ያህሉ የተያዘው ለዝቅተኛው የገቢ ክፍል ሲሆን የአንዱ ስፋት 35 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ቤተሰቡ የሚረከበው መሠረቱን፣ መጸዳጃና መታጠቢያውን፣ የውኃ፣ የፍሳሽና የመብራት መስመሩን፣ አቅሙ ከፈቀደ ደግሞ አንድ ክፍል ነበር። ዶሺ ምን ሊሠራ እንደሚቻል ለማሳየት 80 ቤቶችን ለአርአያነት ገነቡ፤ የቀረውን ለባለቤቱ ተዉት። ገንዘብ ሲገኝ ሁለተኛ ክፍል፣ ልጅ ሲያገባ ፎቅ፣ ሥራ ሲጀመር ከፊት ለፊት ሱቅ ይጨመራል።

ወጪውን ማን ቻለው? መንግሥትና አበዳሪዎች ድርሻ ነበራቸው። ዋናው ብልሃት ግን በዋናው መንገድ አቅራቢያ ያሉትን ሰፋፊ ቦታዎች አቅም ላላቸው በትርፍ ሸጦ ለድሆቹ ቦታዎች መደጎም ነበር። ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ሰፈር፣ ሁሉም መሬት ረግጠው እንዲኖሩ ታሰበ። አራንያ በ1995 የአጋ ካንን የኪነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። ዶሺ ፕሪትዝከርን በተቀበሉበት ጊዜ ከ80,000 በላይ ሰዎች ይኖሩበት እንደነበር የሽልማቱ ሰጪዎች ገልጸዋል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አራንያ እንከን የለሽ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ለአርአያነት ከተሠሩት ቤቶች አንዳንዶቹ ፈርሰው በሌላ ተተክተዋል። የመሬቱ ዋጋ ሲንር ቦታቸውን ለተሻለ ገቢ ላለው ሸጠው የሄዱም አሉ። አንዳንዶች ይህን የዕቅዱ ውድቀት አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ ጉዳዩ ከዚያ የተወሳሰበ ይመስለኛል። ድሃ የሚሸጠው ነገር ኖሮት መሸጡ በራሱ ውድቀት አይደለም፤ የሚያሳስበው ሸጦ ከከተማው ርቆ የሚሄድበትን ቦታ ማንም አለማቀዱ ነው።

ከዚህ የበረታው ተቃውሞ የመሬት ጥያቄ ነው። ኢንዶር ዳር 85 ሄክታር ይገኛል፤ ሙምባይ መሐል ግን ከየት ይመጣል? ስለዚህ ትልቅ ከተማ ወደ ላይ ከመሥራት ሌላ ምርጫ የለውም ይባላል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ዶሺ ለዚህም መልስ ሰጥተው ነበር። በ1973 ለህንድ የሕይወት ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን በአህመዳባድ የሠሩት የመኖሪያ ሰፈር 324 ቤቶች አሉት። ቤቶቹ ተደራርበው የተሠሩ ናቸው፤ ሰፊው ከታች፣ መካከለኛው ከላዩ፣ ትንሹ ከጫፍ ነው። ሕንፃው ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ የላይኛው ነዋሪ ሰገነት ያገኛል፤ በሰገነቱ ላይ ክፍል መጨመር ይችላል። በአሥርት ዓመታት ውስጥ ነዋሪዎቹ ቤቶቹን እንደየፍላጎታቸው ለውጠዋቸዋል፤ ዶሺም በዚህ አልተቆጡም፣ ይልቁንም ተደስተውበታል። እንግዲህ ቤትን እንዳያድግ የሚቆልፈው ወደ ላይ መሠራቱ ሳይሆን የነዳፊውና የአሠሪው ውሳኔ ነው።

ዳራቪና 32 ካሬ ሜትሩ

አሁን ወደ ዳራቪ እንመለስ። ነዋሪዎቹ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋሉ ተብሎ ይገመታል። ሸክላ ይሠራሉ፣ ቆዳ ይሰፋሉ፣ ልብስ ያመርታሉ፣ የከተማዋን ቁርጥራጭ ፕላስቲክ መልሰው ለጥቅም ያበቃሉ። ብዙው ሥራ የሚካሄደው በመኖሪያ ቤት ውስጥ፣ ከቤቱ በታች ወይም ከደጁ ነው።

በ2024 መጀመሪያ ላይ ይፋ በተደረገው መሠረት፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 በፊት በዳራቪ መኖራቸውን የሚያረጋግጡ ቤተሰቦች እዚያው 350 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 32 ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ አፓርታማ በነፃ ይሰጣቸዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ወደ ሌሎች የሙምባይ አካባቢዎች ይሄዳሉ። በፎቅ ላይ የሚኖሩት ደግሞ ከዳራቪ ውጭ በረጅም ጊዜ ክፍያ የሚገዙት ቤት ነው የተዘጋጀላቸው።

አንባቢ ቁጥሩን ልብ ይበል። የአራንያው ቦታ 35 ካሬ ሜትር፣ የዳራቪው አፓርታማ 32 ተኩል። በወረቀት ላይ እኩል ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም። አንደኛው ግን ወደ ላይ የሚያድግ መሬት ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያም የመጨረሻም ልኩ ያው ነው። ከሁሉም የገረመኝ የፎቁ ነገር ነው። ዶሺ ቤተሰቡ ጥሮ ግሮ የሚጨምረውን ፎቅ የቤቱ ዕድገት አድርገው ያዩት ነበር። በሙምባይ ደንብ ግን ያው ፎቅ ነዋሪውን ከሰፈሩ የሚያስወጣ ምክንያት ሆነ።

የገንዘቡም ስሌት ተገላብጧል። በሁለቱም ዕቅድ የድሃውን ቤት ወጪ የሚሸፍነው ለባለገንዘብ ከሚሸጠው የሚገኘው ገቢ ነው። አራንያ ላይ ሀብታሙ ቦታ ገዝቶ ድሃውም መሬቱ ላይ ቀረ። ከ1995 ወዲህ በሙምባይ በተሠራበት ሥርዓት ግን ድሃው በተጠጋጉ ፎቆች ላይ ይሰበሰብና የተለቀቀው መሬት ይሸጣል። መሬቱ በተወደደ ቁጥር ፎቆቹን የማጠጋጋቱ ፍላጎትም ይጨምራል። በ2018 ይፋ የሆነ በሦስት የሙምባይ የመልሶ ማስፈሪያ ሰፈሮች የተደረገ ጥናት የሳንባ ነቀርሳን ሥርጭት ከብርሃንና ከአየር እጦት ጋር አያይዞታል። ይህ ሊያሳስብ ይገባል።

የዳራቪ ሰው አሁን ባለበት ይቆይ ማለቴ አይደለም። ንጹሕ ውኃና የራሱ መጸዳጃ የሌለውን ሰፈር “ውብ ነው” እያለ የሚያሞካሽ ሰው እዚያ አድሮ አያውቅም። ዕቅዱም የሥራ ቦታ ጨርሶ የለውም አልልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አንድ ቤተሰብ በሃያና በሠላሳ ዓመት ያፈራው ሙያ፣ ደንበኛና ጎረቤት በየትኛው የስሌት መዝገብ ላይ ነው የሠፈረው?

ህንድ ባለፉት ዓመታት ስለ ዘመናዊ ሕንፃዎቿ ብዙ ተከራክራለች። በኤፕሪል 2017 በዴልሂ የራጅ ሬዋል ሥራ የሆነው የብሔሮች አዳራሽ ሲፈርስ፣ በ2020 መጨረሻም ሉዊስ ካን በአህመዳባድ የሠሯቸው የተማሪዎች ማደሪያዎች ሊፈርሱ ነው ሲባል ከመላው ዓለም ጩኸት ተሰምቷል። ጩኸቱ ተገቢ ነበር። ጡብና ኮንክሪት ሲፈርስ ግን በዓይን ስለሚታይ የሚጮህለት አያጣም። ሐሳብ ሲፈርስ አቧራ እንኳ አይነሣም።

ስለዚህ የዳራቪን ግንባታ የሚከታተል ሰው ከማማዎቹ ቁመት ይልቅ ሦስት ነገሮችን ቢመለከት ይሻላል እላለሁ። አንደኛ፣ ሰው በቤቱ ወይም በቤቱ አጠገብ መሥራት ይችላል ወይ? ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ሲሰፋ ቤቱ የሚሰፋበት ቀዳዳ ተትቶለታል ወይ? ሦስተኛ፣ “አይገባችሁም” ተብለው ወደ ሌላ አካባቢ የተላኩት ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ የት ናቸው? የሦስቱም መልስ በጎ ከሆነ፣ ለዶሺ የተሰጠው ኒሻን በእውነት ተሰጥቷል ማለት ነው።