ሳይመዘገብ አይሸጥ!

«የአባባን መጻሕፍት በጅምላ ሸጠህ ተገላገል» ይሉኛል ወንድሞቼ። መሸጡን አልቃወምም፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ውርስ በገንዘብ ተተምኖ እንደሚከፈል አውቃለሁ። የምቃወመው ሳይመዘገቡ መበተናቸውን ነው። ነጋዴው ብርቅ ብርቁን ይለቅማል፤ የተረፈው የሱቅ መጠቅለያ ይሆናል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በየቤቱ የተሸሸጉት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ይነበቡ ነበር። ደርግ ፈልጎ ያጣውን ቅጂ እኛ ወራሾች ለመጠቅለያ ልናስረክብ ነውን? ሟቹ አባቴ በየኅዳጉ ያሰፈረውንስ ማስታወሻ የትኛው ሚዛን ይመዝነዋል?

መጻሕፍት የወረሳችሁ ወገኖቼ ሆይ! አስቀድማችሁ የእያንዳንዱን ርእስ፣ ደራሲና የኅትመት ዘመን መዝግቡ። ዝርዝሩን ለወመዘክር ወይም ለስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አሳዩ። ሽያጩ ከዚያ በኋላ ይድረስ።