የመበለቲቱ አቤቱታና የሕጉ ይርጋ

በሰሜን ኢጣልያ በፒየሞንት አውራጃ ያለችው ካሳሌ ሞንፌራቶ፣ ከ1907 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. አስቤስቶስን ከሲሚንቶ ጋር እያዋሐደ የጣራ ክዳንና የውኃ ቧንቧ ያወጣ በነበረው በኤተርኒት ፋብሪካ ስትተዳደር ኖራለች፤ ሠራተኛው ማታ በልብሱ ይዞት የሚገባውን ብናኝ ሚስቱ በእጇ እያራገፈች ታጥብ፣ ቧንቧው ሲሞረድ የረገፈውንም ትቢያ ቤተሰቡ ወስዶ በግቢውና በጣራው ሥር ያነጥፈው ስለ ነበር፣ የፋብሪካውን ደጃፍ ያልረገጡ ሕፃናት ሳይቀሩ የሞት ዘር ተነሰነሰባቸው።

ከሠራተኞቹ አንዱ የነበሩት ማሪዮ ፓቬሲ በ1983 የሳንባን ሽፋን በሚይዘው፣ ሜሶቴልዮማ በተባለው ካንሰር ሲያርፉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማና ብላዞቲ ኀዘናቸውን በጓዳ ሳይቀብሩ ወደ አደባባይ አወጡት፤ የሟቾችን ቤተሰቦች ማኅበር እየመሩ ለብዙ ዘመን ሲሟገቱም፣ ያው ደዌ እኅታቸውንና፣ በ2004 ደግሞ ሴት ልጃቸውን ጨምሮ አራት የሥጋ ዘመዶቻቸውን ወሰደባቸው። አቤቱታው ፍሬ አላጣም፤ ከተማዪቱ በ1987፣ መላዋ ኢጣልያም በ1992 አስቤስቶስን ከለከሉ።

ፍርዱ ግን ሌላ ነው። የቶሪኖ ፍርድ ቤት በ2012 ስቴፋን ሽሚድሃይኒ የተባለውን የኩባንያውን የስዊስ ባለጸጋ በ16 ዓመት እስራት ቢቀጣው፣ ይግባኝ ሰሚውም በ2013 ቅጣቱን ወደ 18 ቢያደርሰው፣ ሰበር ሰሚው ችሎት በኅዳር 2014፣ ጥፋቱ ፋብሪካው በተዘጋበት በ1986 አብቅቷልና ክሱን ይርጋ አግዶታል ብሎ ሁሉንም ሻረው። ዐቃቤ ሕግም ነገሩን በሰው መግደል ክስ እንደ ገና ለመጀመር ተገደደ፤ የኖቫራ ፍርድ ቤት በ2023 የ12 ዓመት እስራት ፈረደ፤ ይግባኙ ሳይዘጋም ወይዘሮ ሮማና በ2024 በ95 ዓመታቸው ዐረፉ።

የሰበር ዳኞችን አልወቅስም፤ የተጻፈላቸውን አነበቡ። የምወቅሰው ሕጉን ነው። ይህ ደዌ ብናኙ ከተሳበ በኋላ 20፣ 30፣ አንዳንዴም ከ40 ዓመት በላይ አድፍጦ የሚነሣ ሲሆን፣ ዘመኑን ከማሽኑ መቆም አንሥቶ የሚቈጥር ሕግ፣ ገና ያልታመመውን ሰው የከሳሽነት መብቱን አስቀድሞ ይነጥቀዋል፤ ይርጋም የተደነገገው መብቱን ይዞ ለተኛ ሰው እንጂ ደዌው ራሱ ለተኛበት ምስኪን አይደለም። ቈጠራው መጀመር የሚገባው ሐኪሙ የበሽታውን ስም ከነገረበት ቀን ነው። የፋብሪካ ጌቶች መዝገብ ይጠፋል፣ ምስክርም ያረጃል ብለው ይከራከሩ ይሆናል፤ ነገር ግን ካሳሌ ትጠቀምበት የነበረው ሰማያዊው አስቤስቶስ ክሩ አይበሰብስምና፣ ሐኪም በሟቹ ሳንባ ውስጥ አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ ሊያየው ይችላል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይሻሉ?