ወይፈን በአንድ ቀን በሬ አይሆንም



በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን ብዙ ተማሪዎች ቦክስ መማር መጀመራቸውን ታውቃላችሁ። ነገሩ የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን በጥቅምት ወር 24 ሆነን ከጀመርነው መካከል እስከ ኅዳር መጨረሻ የቆየነው 7 ብቻ ነን። የቀሩት ጓደኞቻችን ቡጢ ፈርተው አልሄዱም፤ ገና ከሰው ጋር የተጋጠመ አንድም ጀማሪ አልነበረምና። ያባረራቸው በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰባቸው የጡንቻ ሕመም ነው። ስለዚህ ነገር ያለኝን ሐሳብ ለመግለጽ ብዕሬን አነሣሁ።

በመጀመሪያው ቀን ከእኛ በፊት የጀመሩት ልጆች «ዛሬ ጉልበታችሁ ይታያል» ብለው ተቀበሉን። 100 ፑሽ አፕ ሠራን፤ ግማሽ ሰዓት ገመድ ዘለልን፤ ከዚያም አሸዋ የተሞላውን ጆንያ ክንዳችን እስኪዝል ደበደብን። በዚያች ማታ ጀግና የሆንሁ መስሎኝ ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን ግን ክንዴን አንሥቼ ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ፤ ደረጃም ስወርድ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ እየተደገፍሁ ነበር። ቢሆንም «ሕመም የሚወጣው በሕመም ነው» ስለተባልን ያንኑ ሥራ ደገምነው። በሦስተኛው ቀን የሒሳብ ፈተና ስቀመጥ እጄ እየተንቀጠቀጠ መስመር አልይዝ አለ።

ከአጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ በእግሩ ቅልጥፍና ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ትከሻው እንዳመመው ሲነግረኝ «በርታ፥ አትልፈስፈስ» አልሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ጓንቱን መልሶ ሄደ። ይህ ቃሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ከርሱ ያልተናነሰ ያመመኝ እኔው ራሴ ነበርሁና።

ለገና በዓል ወደ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ ይህንኑ ለአያቴ አጫወትኋቸው። አያቴ ገበሬ ናቸው። ስቀው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ ወይፈን ስትገራ ከለመደ በሬ ጋር ታጣምደዋለህ፤ ጥቂት ትልም ካወጣ በኋላም ትፈታዋለህ። በመጀመሪያው ቀን እስኪደክም ያረስህበት እንደሆነ በማግሥቱ ቀንበሩን ሲያይ ይተኛብሃል።» እኛም የተኛነው እንደዚያ ወይፈን ነው።

ከበዓል ስመለስ የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅሁ። ሰው ያልለመደውን ሥራ ሲሠራ በጡንቻው ክሮች ላይ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል። በተለይ የሚጎዳው ጡንቻ እየተለጠጠ ኀይል ሲያወጣ ነው፤ ደረጃ ስንወርድ ጭናችን፥ በአየር ላይ የወረወርነውን ቡጢ ስናቆም ደግሞ የትከሻና የጀርባ ጡንቻችን የሚሠራው እንዲህ ነው። ብዙ ሰዎች ሕመሙ በጡንቻ ከሚጠራቀም አሲድ የመጣ ይመስላቸዋል። ይህ ግን ስሕተት ነው፤ አሲዱ ሥራ ካበቃ በኋላ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠፋል፤ ሕመሙ ግን የሚብሰው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ማታ ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚመካ ሰው ራሱን ያታልላል። ጡንቻው ካረፈ ግን ይጠገናል፤ ያው ሥራ ሲደገምም ሕመሙ ካለፈው ይቀንሳል። እንግዲህ ጉልበት የሚገነባው ስንሠራ ብቻ አይደለም፤ ስናርፍም ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ያለ ድካም ጉልበት አይገኝም» ሲሉ ይከራከሩኛል። እውነታቸውን ነው፤ ጥቂት ሕመምም ለጀማሪ የማይቀር ነገር ነው። ነገር ግን ሕመም የሥራ መለኪያ አይደለም። የቡጢ ሕግ ራሱ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1867 በእንግሊዝ አገር የታተመው የኲንስበሪ ደንብ ተጋጣሚዎች 3 ደቂቃ ከተማቱ በኋላ 1 ደቂቃ እንዲያርፉ ያዛል። በግጥሚያ መካከል እንኳ ዕረፍት በሕግ ከተሰጠ፥ ገና መቆም ለሚማር ልጅ እንዴት ይከለከላል?

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ጀማሪ በሳምንት 3 ቀን ብቻ፥ አንድ ቀን እያሳለፈ ይሥራ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ አቋቋምን፥ የእግር አረማመድንና በአየር ላይ መማታትን ይማር፤ ጆንያውንም በሙሉ ኀይሉ አይምታ። ሰውነቱ ሲዝል ጥቂት በእግሩ መሄድ ያፍታታዋል እንጂ በዚያው ጡንቻ ላይ ሌላ ከባድ ሥራ መጨመር አይጠቅመውም። ነባሮቹም እንደ ለመደው በሬ አብረው ይጎትቱ እንጂ ጅራፍ አይሁኑ።

ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም እንድትረዱን እለምናለሁ። ልጃችሁ እንቅልፍ ቢያጣ፥ ምግብ ቢጠላ፥ ያለ ምክንያት ቢቆጣ፥ ጉልበቱም በመጨመር ፈንታ ቢቀንስ፥ ከአቅሙ በላይ መሥራቱን ጠይቁት። መገጣጠሚያው ቢያብጥ ወይም እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ቢሰማው ሥራውን ያቁም፤ ወጌሻም ሳያሸው ሐኪም ይየው። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ቢጠቁር ግን ጡንቻው ክፉኛ መጎዳቱን ያመለክታል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

በመጨረሻም ስሙን ለማልጠራው ጓደኛዬ አንድ ቃል አለኝ። ያን ቀን የተልፈሰፈስኸው አንተ አልነበርህም፤ ሕመሜን ለመናገር ያፈርሁት እኔ ነበርሁ። ጓንትህ በግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ነው። ሰኞ ና፤ ግማሽ ሰዓት ሠርተን አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን።